በአገሩ ነባር፣ በአውሮፓ ወራሪ፦ ጋጋኖና የእንስሳት ማቆያዎች ሕግ

በሳይንሳዊ ስሙ ኢትዮጵያን የሚያስጠራው ነጭና ጥቁር ጋጋኖ (ትሬስኪዮርኒስ ኤቲዮፒከስ) እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2016 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የእንስሳት ማቆያዎች እንዳይራባ ተከልክሏል። ክልከላው የመጣው ስለ ወራሪ መጤ ዝርያዎች በወጣው የኅብረቱ ደንብ ቁጥር 1143/2014 ሲሆን፣ የመጀመሪያው ዝርዝር 37 ዝርያዎችን ይዟል። በዓመቱ ደግሞ የግብፅ ዝይ ተጨመረ። ሁለቱም ወፎች በጣና ዳርቻ ለሚያድግ ልጅ እንግዳ አይደሉም። አውሮፓ ግን አንዱን የሌሎችን እንቁላል የሚበላ፣ ሌላውን ነባር ወፎችን ከመክተቻቸው የሚያባርር አድርጋ መዝግባቸዋለች።

ጋጋኖው ወደ አውሮፓ ሳይንስ የገባበት መንገድ ከአገው ምድር ብዙም የራቀ አይደለም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1770 እስከ ግሽ ዓባይ የዘለቀው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፣ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ «አቡ ሐንስ» በሚል ስም የጠቀሰው ወፍ የጥንት ግብፃውያን ያከብሩት የነበረው ጋጋኖ እንደሆነ አመለከተ። ፈረንሳዊው ኩቪዬ በኋላ ከግብፅ መቃብር የወጡ የደረቁ ወፎችን መርምሮ የብሩስን አስተያየት ደግፏል። ወፉ ራሱ ከግብፅ የጠፋው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። በአምልኮ ስፍራ በብዙ ሺሕ ይቆጠር የነበረ ወፍ ከአንድ አገር ጨርሶ ሊጠፋ መቻሉ፣ ዛሬ «ቁጥሩ አያሳስብም» ለሚሉ ሁሉ በቂ ማሳሰቢያ ነው።

የፈረንሳዩ ታሪክ የተለየ ነው። በብሪታኒ የሚገኘው የብራንፌሬ ማቆያ በ1970ዎቹ አጋማሽ ከኬንያ ወደ 20 የሚሆኑ ጋጋኖዎች አስመጥቶ፣ የተወለዱት ጫጩቶች ያለ ገደብ እንዲበሩ ተዋቸው። በ2000ዎቹ አጋማሽ በአትላንቲክ ዳርቻ ከ1,000 በላይ ጥንዶች ይራቡ ነበር። መንግሥት ወፎቹን በጥይት ማስወገድ ጀመረ። ተመራማሪዎች ግን ስለ ጉዳቱ መጠን አልተስማሙም። አንዳንዶቹ የባሕር ወፎች እንቁላል ሲዘረፍ ማየታቸውን ሲጽፉ፣ በአመጋገብ ላይ የተደረገ ጥናት ደግሞ የጋጋኖው ቀለብ በአብዛኛው ነፍሳትና ሌሎች አከርካሪ አልባ እንስሳት መሆናቸውን አሳየ። ከእነዚህም አንዱ ራሱ ከአሜሪካ የመጣ ወራሪ፣ የሉዊዚያና ቀይ ክሬይፊሽ ነው።

ደንቡ ቀድሞ በማቆያ የነበሩትን እንስሳት ይግደሉ አላለም። እንዳያመልጡና እንዳይራቡ ተደርገው ዕድሜያቸውን እንዲጨርሱ ፈቅዷል። ይህ በወረቀት ላይ ርኅሩኅ ይመስላል፤ ፍጻሜው ግን የባዶ ጎጆ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር መታዘብ ይገባል። ኅብረቱ በ1999 ያወጣው የእንስሳት ማቆያዎች መመሪያ (1999/22) እንስሳት አምልጠው ነባር ዝርያዎችን እንዳይጎዱ ማቆያዎችን አስቀድሞ ያስገድድ ነበር። የብራንፌሬ ጋጋኖዎች ያመለጡት ከመመሪያው በፊት ነው። ስለዚህ የ2016ቱ ክልከላ በተዘጋ መረብ ውስጥ የሚኖረውን ወፍ የሚቀጣው፣ መረብ ባልነበረበት ዘመን በተሠራ ጥፋት ነው። ልቅ በረራን መከልከልና እያንዳንዱን ወፍ በቀለበት መመዝገብ ይበቃ ነበር። በርግጥ የተዘጋ መረብም በማዕበል ይቀደዳል የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ ተቃውሞው ተገቢ ቢሆንም ከአንዱ የኅብረቱ ጫፍ እስከ ሌላው ወጥ ክልከላን አያጸድቅም። የሰሜኑ ክረምት የብሪታኒን ያህል ለጋጋኖ የዋህ አይደለምና።

በአንጻሩ በኢትዮጵያ ተራሮች ብቻ የሚኖረው ጭላዳ በአውሮፓ ማቆያዎች ቦታ አግኝቷል። የዙሪክ ማቆያ የስሜንን ስም የሰጠው ሰፊ ክልል አለው። አንዱን ኢትዮጵያዊ እንስሳ የሚያስወጣውና ሌላውን የሚያስገባው ውሳኔ የሚሰጠው እዚያው ነው፤ መዘዙ ግን እዚህም ይደርሳል። «ወራሪ» የሚለው ቃል ከዝርያው ስም ጋር ተጣብቆ በመረጃ ቋቶችና በተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፎች ሲዘዋወር፣ ቃሉ የተነገረበት ቦታ ይረሳል። ወራሪነት የዝርያ ጠባይ ሳይሆን የዝርያና የቦታ ግንኙነት ነው።

የአዊ ገበሬ ይህን ያለ መጽሐፍ ያውቀዋል። በፋግታ ለኮማ ከሰል እየሆነ ቤተሰብ የሚያስተዳድረው ዲከረንስ የአውስትራሊያ ግራር ነው፤ በደቡብ አፍሪካ ሕግ ግን ወራሪ ተብሎ ቁጥጥር ተጥሎበታል። ጣናን ያስጨነቀው እምቦጭም በትውልድ አገሩ በደቡብ አሜሪካ የወንዝ አበባ ነው። ዲከረንስን የደቡብ አፍሪካን ዝርዝር ብቻ አይቶ መንቀል፣ እምቦጭንም አበባው ስላማረ መተው እኩል ስሕተት በሆነ ነበር።

የኢትዮጵያ ተመራማሪ ለአውሮፓው ክርክር ሊያዋጣ የሚችለው አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ ወፉ በአገሩ ምን እንደሚበላ፣ የት እንደሚራባ፣ ረግረጉ ወደ ሩዝ ማሳ ሲለወጥ ወዴት እንደሚሄድ የሚያሳይ የተከታታይ ዓመታት መረጃ። ፎገራ ለዚህ ዋነኛው ቦታ ነው። የአዊዎቹ የዘንገናና የጥርባ ሐይቆች ደግሞ የእሳተ ገሞራ አፍ ሐይቆች እንደመሆናቸው ከሰፊው የጣና ረግረግ ጋር ለማነጻጸር ይመቻሉ። ለዚህ የሚያስፈልገው ውድ መሣሪያ አይደለም፤ መነጽር፣ መዝገብና በክረምትም በበጋም ወደ ሐይቁ የሚመላለስ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ናቸው። የአንድ ተማሪ የሁለት ዓመት ቆጠራ ለሦስተኛው ዓመት ተማሪ በቅብብል ካልተላለፈ ግን እንደገና ከዜሮ ይጀመራል። ስለዚህ የትምህርት ክፍሎች ርእሱን ለተማሪው ብቻ ሳይሆን ለሐይቁ ሊመድቡ፣ መዝገቡንም በቤተ መጻሕፍት ለሁሉም ክፍት አድርገው ሊያስቀምጡ ይገባል።