አምስት ሰው ይበቃል

የጀሞ፣ የለቡ፣ የጎፋና የመካኒሳ ነዋሪዎች፤ የእድር ዳኞችና ጸሐፊዎች፤ አሠሪዎች፦

ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ስትከፍት፣ ኦቲዝም ያለው ልጅ በብዙ ቤት እንደ እርግማን ተቆጥሮ ይደበቅ ነበር። ኦቲዝም ስላለው ልጇ በአደባባይ መናገሯ የብዙ እናቶችን አፍ አስፈታ። እሷ በ2013 ዓ.ም. ዐረፈች፤ ያኔ ሕፃናት የነበሩትም ጢም አብቅለዋል። እኛ ግን ኦቲዝም ሲነሣ ዛሬም የምናወራው ስለ ሕፃናት ነው። ያደገው ጎረቤታችን ሥራ ይፈልጋል፣ ወዳጅ ይፈልጋል፣ ስለ ራሱ ጉዳይ ራሱ መናገር ይፈልጋል። ምርመራ ሳያገኝ፣ «ግትር»፣ «ሰው የማይቀርብ» እየተባለ የኖረም አለ።

ሕጉ ብዙዎቻችን ከምናስበው በላይ ከጎኑ ቆሟል። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 የአእምሮ ጉዳትንም ያካትታል፤ አሠሪውም ለሠራተኛው ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲያደርግ ያስገድዳል። አድልዎ ደረሰብኝ ብሎ የከሰሰ ሰው የማስረዳት ሸክም የለበትም። አሠሪዎች ሆይ፣ ማመቻቸቱ ብዙ ጊዜ ወጪ የለውም፦ ትእዛዝን በጽሑፍ መስጠት፣ ጫጫታ ያልበዛበት ጥግ፣ ፈረቃ ሲቀየር አስቀድሞ መንገር።

ለመብት የመሟገቱም መንገድ ሰፍቷል። አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶችን ከአካል ጉዳተኞች መብት ሥራ አግዶ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ያንን ሽሮታል፤ ማኅበር ለመመሥረትም አምስት ሰው ይበቃል። በክፍለ ከተማችን ኦቲዝም ያላቸው አምስት ሰዎች አይጠፉም፤ የጠፋው የሚገናኙበት ቦታ ነው።

ስለዚህ የእድር አዳራሻችሁን፣ የኮንዶሚኒየም ኮሚናላችሁን በወር አንድ ከሰዓት ክፈቱላቸው። ድምፅ ማጉያ አይኑር። አጀንዳው ቀደም ብሎ በወረቀት ይድረሳቸው፤ መናገር የከበደው በስልኩ ጽፎ ያሳይ፤ የደከመው ይቅርታ ሳይጠይቅ ይውጣ። ስብሰባውን ኦቲዝም ያለው ሰው ይምራ። የወረዳው የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያም መጥቶ ያዳምጥ፣ ሲጠየቅ ያስረዳ።

ወላጆች፣ አብራችሁ ኑ፤ መልሱን ግን ለእነሱ ተዉላቸው። ዕድሜ ልክ ስለ ልጁ ሲናገርና ሲለምን ለኖረ ሰው ዝም ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ ይገባኛል። ቢሆንም ምን ዓይነት ሥራ፣ ምን ዓይነት እገዛ እንደሚሻ የሚያውቀው ልጁ ራሱ ነው።

የእድር ጸሐፊዎች፣ ጉዳዩን በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ አጀንዳ አስይዙት፤ አዳራሹ የትኛው እሑድ ነጻ እንደሆነም ለአባላት አሳውቁ።