ዋና ሳይችሉ የሦስት ስፖርት ዕቅድ

ከመካከላችን አንዱ ለሚመጣው ወቅት ያወጣውን የልምምድ ዕቅድ ሰሞኑን በመኝታ ክፍላችን አነበበልን። ወዳጃችን ትራያትሎን ለሚባለው ውድድር፣ ማለት 1.5 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 40 ኪሎ ሜትር ቢስክሌትና 10 ኪሎ ሜትር ሩጫ ሳያርፉ ተከታትለው ለሚደረጉበት፣ ራሱን ለማዘጋጀት ቆርጧል። ውድድሩ ከኦሊምፒክ የገባው በ2000 እ.ኤ.አ. በሲድኒ ነው። ዕቅዱ አራት ገጽ ሲሆን ሦስቱ ስለ ሩጫ፣ አንዱ ስለ ቢስክሌት ይናገራል፤ ስለ ዋና ግን በግርጌው «ባሕር ዳር ስሄድ እሞክራለሁ» የሚል አንድ መስመር ብቻ ተጽፏል። ሣቅን። ኋላ ግን መሣቃችን አሳፈረን፤ ከሣቅነው ከስድስታችን መዋኘት የሚችል አንድ እንኳ አልነበረምና።

ስለ ሩጫው ብዙ መጨነቅ አያሻም። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ከባሕር ዳርቻ አገር አየር ከሩብ በሚበልጥ መጠን የሳሳ ነው፤ ከጉና ግርጌ ከብት ሲያግድ ያደገ ልጅ ልምምዱን የጀመረው ገና በሕፃንነቱ ነው። ቢስክሌቱም ቢሆን ከወረታ በዓለም በር በኩል ወደ ከተማችን የሚያመጣው መንገድ ከ40 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ 900 ሜትር ያህልም ሽቅብ ያስወጣል። መንገዱ ሰላም በሆነበት ቀን ይህን ዳገት ከቢስክሌቱ ሳይወርድ የወጣ ሰው የማንንም አገር ሜዳ አይፈራም። (ሴባስቶፖልን በ1860 ዓ.ም. ከዚህ አንሥተው እስከ መቅደላ የጎተቱት ሰዎች ይህን ቢሰሙ ግን ሳይሥቁብን አይቀሩም።)

ዋና በጉልበት አይገኝም። ሯጭ ውሃ ውስጥ ሲገባ እግሩን እንደ ለመደው ያወራጫል፤ እግሩ ወደ ታች ይሰምጣል፣ ትንፋሹን አምቆ ይይዛል፣ 25 ሜትር ሳይሞላም ይደክመዋል። መማር ያለበት ገላን አጋድሞ መንሳፈፍን፣ ትንፋሽንም በውሃ ውስጥ ቀስ አድርጎ ማውጣትን ነው፤ ይህም እያየ የሚያርም አስተማሪ ይፈልጋል። ጣናም ቢሆን ቅርብ ነው ተብሎ ዘው የሚባልበት አይደለም፤ በዳርቻው ብልሃርዚያ አለ።

ስለዚህ የወዳጃችን ዕቅድ ይገልበጥ እንላለን። ከጥቅምት እስከ ጥር ግቡ ሰዓት መቀነስ ሳይሆን ሳይቆሙ 400 ሜትር መዋኘት ይሁን፤ ሩጫ በሳምንት ሦስት ቀን ይበቃዋል። ሁዳዴ ሲገባ፣ ለሚጾም ሰው 55 ቀን ቀላል አይደለምና፣ ከባዱ ዳገት ይቅርና ልምምዱ ወደ ማታ ቀለል ብሎ ይደረግ፤ ከዚያ በኋላ በሶውም ድንቹም በአገራችን ሞልቷል። 1,500 ሜትሩ ለግንቦት ይቆይ።

ሜዳልያ የማያመጣ ድካም ነው የሚሉን አሉ። በ2016 እ.ኤ.አ. በሪዮ ኦሊምፒክ ሮቤል ኪሮስ 100 ሜትር ነጻ ቀዘፋን በ1 ደቂቃ ከ4.95 ሴኮንድ ዋኝቶ ከ59 ዋናተኞች መጨረሻ ሲወጣ ብዙ ሰው ሥቆበታል። ከሣቁት መካከል ስንቱ 100 ሜትሩን መጨረስ ይችል እንደ ነበር መጠየቅ እንወዳለን። ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው ፎገራን በሚያጥለቀልቁበት አገር ደግሞ ዋና የባለ ሜዳልያ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ክረምት ወደ ቤቱ ሲሄድ ከሞላ ወንዝ ዳር ቆሞ ያልዋለ ከመካከላችን ጥቂት ነው፤ ዘመዱን ወንዝ የወሰደበትም አለ።

የማኅበራችን የስፖርት ገንዘብ ከዓመት ዓመት ለማልያና ለኳስ ሲውል አይተናል። ኳስን አንጠላም። ነገር ግን በወር ሁለት ቅዳሜ ወደ ባሕር ዳር የሚወስድ አንድ አውቶቡስ፣ የመዋኛ ገንዳ ኪራይና የአንድ አስተማሪ አበል ከዚያው ገንዘብ ይወጣ ዘንድ እንጠይቃለን፤ ከመቀመጫውም ግማሹ ለእኅቶቻችን ይጠበቅ። ወዳጃችን ስሙን በመጀመሪያው መስመር አስፍሯል፤ እኛም ስድስታችን ተከትለን ፈርመናል። ወረቀቱ በመመገቢያው አዳራሽ በር ላይ ተለጥፏል።