በአል ናህዳ በብድር የተገዛ ቤት ለሐራጅ የሚቀርበው እንዴት ነው?

አል ናህዳ በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ተጎራባች ሰፈሮች ናቸው፤ አንዱ በዱባይ፣ ሌላው በሻርጃ። በባንክ ብድር ቤት ለሚገዛ ሰው ወሰኑ ብዙ ትርጉም አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ቁጥር 14 የመያዣ ሕግ የሚሠራው በዱባይ ብቻ ነውና።

በሀገራችን በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ባንኮች የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተው፣ ፍርድ ቤት ሳይሄዱ መያዣውን በሐራጅ እንዲሸጡ ይፈቅዳል። ይህን የለመደ ሰው ዱባይም እንዲሁ ሊመስለው ይችላል። በዱባይ ግን የ30 ቀኑ ማስጠንቀቂያ በኖተሪ በኩል ከደረሰ በኋላ ሽያጩን የሚያዝዘው የአፈጻጸም ዳኛ ነው። ተበዳሪው ዕዳውን በ60 ቀን ውስጥ ለመክፈል እንደሚችል ወይም ሽያጩ ከባድ ጉዳት እንደሚያደርስበት ካስረዳ፣ ዳኛው ሐራጁን ለአንድ ጊዜ ብቻ፣ ከ60 ቀን ላልበለጠ ጊዜ ሊያዘገይለት ይችላል።

በተርጓሚ ዐይን ሲታይ ትልቁ ችግር ቋንቋው ነው። የፍርድ ቤቱ ቋንቋ ዐረብኛ በመሆኑ፣ የደረሰውን ወረቀት ሳያስተረጉም ያስቀመጠ ሰው መጠየቅ የሚችለውን ጊዜ ሳያውቀው ያልፍበታል። ቤቱ ተሸጦ ገንዘቡ ዕዳውን ካልሸፈነም ባንኩ ቀሪውን ከተበዳሪው ይጠይቃል።