የሐረር ኮረኮንች ማንን ይጠብቃል?

ሐረር ለሚሄድ እንግዳ ፕሮግራሙ የታወቀ ነው። ቀን በጁገል ጠባብ መንገዶች ይዞራል፤ በራምቦ ስም የሚጠራውን ቤት ያያል (ገጣሚው አልኖረበትም፣ ያሠራው ሕንዳዊ ነጋዴ ነው የሚሉት ይበዛሉ)፤ ማኪና ግርግር ላይ ጨርቅ ይገዛል፤ ሲመሽ ጅብ ሲመገብ ቪዲዮ ይቀርጻል። በማግስቱ ወደ ድሬዳዋ ይወርዳል። አንድ አዳር፣ አለቀ። የከተማዋን ስም ዓለም ያወቀበት ቡና የሚበቅልበትን ኮረብታ ከመኪና መስኮት በቀር አያየውም።

ይህን አንድ አዳር ሦስት ማድረግ የሚችል ሀብት ከግንቡ ውጪ ተዘርግቶ ተቀምጧል። ሆቴል አይደለም፣ ሙዚየምም አይደለም። የጠጠር መንገድ ነው።

የሚያስቅ ሊመስል ይችላል። ኮረኮንች በእኛ አገር የስድብ ያህል ቃል ነው፤ የተረሳ ቀበሌ ምልክት ነው። ግን እ.ኤ.አ. በ1997 ጣሊያን ውስጥ፣ ኪያንቲ በሚባለው የወይን አገር፣ ጋይዮሌ ከተባለች ትንሽ ከተማ መቶ የማይሞሉ ሰዎች በአሮጌ ብስክሌት ተነስተው በወይን ማሳዎቹ መካከል የሚያልፈውን ነጭ የጠጠር መንገድ ጋለቡበት። ዓላማቸው መንገዶቹ አስፋልት ለብሰው እንዳይጠፉ መከላከል ነበር። ‹ኤሮይካ› ብለው የሰየሙት ያ ጉዞ ዛሬ ከመላው ዓለም ሺዎችን ይጠራል። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2007፣ በዚያው አካባቢ ጠጠር ላይ ‹ስትራዴ ቢያንኬ› የተባለው የባለሙያዎች ውድድር ተጀመረ። ከ200 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ቋሚ መስመር በምልክት ተለይቶ ተዘርግቷል፤ ውድድር በሌለበት ወቅት እንኳ ሰው በራሱ ጊዜ እየመጣ ይጋልባል፤ በየመንደሩ ቡና ቤት ደብተሩን ማኅተም ያስመታል፤ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ያድራል። ጎማው ሰፋ፣ ማርሹ ለዳገት ቀለል ያለ ‹ግራቭል› የሚባል የብስክሌት ዓይነትም ራሱን የቻለ ገበያ ሆኗል።

ሐረር ወይን የላትም። ቡና አላት፤ ይህ ደግሞ ከሚመስለው በላይ ይቀራረባል። በጥንቱ ዓረብኛ ‹ቀህዋ› የወይን ጠጅ ስም ነበር፤ ቡና ሲመጣ ነው ስሙን የወረሰው። የሐረር ቡና ሳይታጠብ ከነቅርፊቱ በፀሐይ ስለሚደርቅ፣ የዓለም ቀማሾች ሲገልጹት በአንድ ቃል ይስማማሉ፦ የወይን ጠጅ ቃና አለው። ኢትዮጵያ ከስታርባክስ ጋር ተሟግታ እ.ኤ.አ. በ2007 ስምምነት ላይ የደረሰችባቸው ሦስት የቡና ስሞች ሲዳሞ፣ ይርጋጨፌና ሐረር ነበሩ። የኪያንቲ ሰው ወይኑን ከነመልክዓ ምድሩ ይሸጣል። እኛ ግን ስሙን አስከብረን ቦታውን ረሳነው።

ቦታው ደግሞ ለዚህ የተሠራ ይመስላል። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ1,850 ሜትር በላይ ናት፤ አየሯ ለትንፋሽ ይመቻል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ያሠሩት ግንብ አምስት ጥንታዊ በሮች እያንዳንዳቸው ወደ አንድ አቅጣጫ የሚወስዱ የንግድ መውጫዎች ነበሩ፤ በየበሩ የሚገባው ግመልና አህያ የዚያን ወገን ምርት ይዞ ነው የሚመጣው። በአማርኛ ኤረር በር የምንለውን ሐረሪዎች አርጎብ በሪ ይሉታል። ከከተማዋ ደቡብ ምሥራቅ፣ ከ20 ኪሎ ሜትር ያልራቀች ኮረሚ የተባለች የአርጎባ መንደር አለች፦ በኮረብታ ጫፍ ላይ ከድንጋይ የተሠራች፣ ቁልቁል የኤረርን ሸለቆ የምታይ። ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ዳገቱም፣ ጠመዝማዛውም፣ የድንጋይ እርከኑም ለብስክሌተኛ ተብሎ የተነደፈ ነው የሚያሰኝ። በመኪና ሄዶ ሆዱ የተናጠ ሰው ያማርረዋል፤ በሰፊ ጎማ ቀስ ብሎ የሚሄድ ግን ለዚያ ነው የሚከፍለው። መድረሻው ላይ አንድ ስኒ ቡና ወይም ከቡና ቅጠል የሚፈላው ቁጢ ቢቀርብ፣ ገንዘቡ በቀጥታ የሚገባው እዚያው ቤት ነው።

ጉዳዩ መዝናኛ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል መጻፍ ባላስፈለገ። በእነዚህ እርከኖች ላይ ቡናው እየተነቀለ ነው፤ ቦታውን የሚወስደው ጫት ነው። ገበሬውን መውቀስ ቀላል ነው፤ ሒሳቡን ማየት ግን ይከብዳል። ጫት ውሃ ካገኘ በዓመት ደጋግሞ ይለቀማል፣ አወዳይ ላይ በዚያው ቀን በጥሬ ገንዘብ ይሸጣል፣ ወደ ሶማሌላንድና ጅቡቲ ይጫናል። ቡና በዓመት አንዴ ነው፤ ዋጋውም ሩቅ አገር ይወሰናል። የሐሮማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ መጨረሻ ደርቆ ሳር የበቀለበት በዝናብ እጥረት ብቻ አልነበረም፤ ለመስኖ የተሳበው ውሃም እጁ ነበረበት። በቅርብ ዓመታት ሐይቁ መመለሱ ደስ ይላል፤ የአደረቀው ሒሳብ ግን አልተለወጠም። ብስክሌት ይህን ይገለብጣል ማለት ቅዠት ነው። ነገር ግን የቡና ዛፉ ቆሞ በመታየቱ ብቻ ገቢ የሚያስገኝበት ሁለተኛ መንገድ ከተፈጠረ፣ ቢያንስ በመስመሩ ላይ ያለ ገበሬ መጥረቢያ ሲያነሳ አንድ ጊዜ ቆም ይላል።

እዚህ ላይ ቶስካናን መቅዳት አይሠራም። እዚያ መንገዱን ለማዳን ሲነሱ ገበሬው ማሳውን ትቶ ከተማ ከገባ ቆይቷል፤ ጠጠሩ ትዝታ ሆኖ ነበር። ሐረርጌ ውስጥ ምጥ የያዛትን እናት በቃሬዛ የሚሸከም መንደር አለ። ለዚያ መንደር ‹አስፋልት ይቅርብህ፣ ፈረንጅ ጠጠር ይወዳል› ማለት ነውር ነው። መፈክሩ ‹ጠጠሩ ይቆይ› ሳይሆን ‹ጠጠሩ ይጠገን› መሆን አለበት። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ቀበሌዎችን ለማገናኘት በመላ አገሪቱ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ጠጠር ተነጥፏል፤ የሕዝቡም ጉልበት አለበት። የጠጠር መንገድ ግን ተሠርቶ የሚተው ነገር አይደለም። የጎን ቦዩ በደለል ከተሞላ፣ ቱቦው ከተደፈነ፣ ጎርፉ መሃል ለመሃል ይሄዳል፤ በሁለት ክረምት መንገዱ ቦይ ይሆናል። ከእያንዳንዱ ጋላቢ ከሚሰበሰበው ክፍያ የተወሰነው ለአካፋና ለዶማ፣ ቦይ ለሚጠርጉ የመንደሩ ወጣቶች የቀን ክፍያ ቢውል፣ ያ መንገድ ለአምቡላንሱም ይተርፋል።

ማን ይሰብስበው? ዋናው ራስ ምታት ይኼ ነው። የሐረሪ ክልል ከ350 ካሬ ኪሎ ሜትር ያነሰ ነው፤ ብስክሌተኛው ገና ሳይሞቀው ኦሮሚያ፣ ምሥራቅ ሐረርጌ ይገባል። በሩና ሆቴሉ የአንዱ፣ አብዛኛው ኮረብታና ቡና የሌላው ነው። ሁለቱ አስተዳደሮች በአንድ ደረሰኝና በአንድ የጥበቃ ኃላፊነት ካልተስማሙ፣ እንግዳው በየኬላው ‹ፈቃድ አለህ?› ሲባል ውሎ ይመለሳል፤ ተመልሶም ለጓደኞቹ ይነግራል። ጸጥታውም እንደዚያው ነው፤ ማረጋገጫ በሌለበት ሳምንት መስመሩን ዘግቶ በግልጽ መናገር ከማንኛውም ማስታወቂያ ይበልጣል። ከድሬዳዋ የሚመጣው ዋና አስፋልት ደግሞ ለብስክሌት ፈጽሞ አይመከርም። ጫት የጫነ ኢሱዙ ፍሬን የሚያውቀው አወዳይ ሲደርስ ነው።

ጎረቤቶቻችን አልጠበቁንም። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2021 በማሳይ ማራ አካባቢ የጠጠር ውድድር ጀምራለች፤ ኪጋሊ በመስከረም 2025 የዓለም የብስክሌት ሻምፒዮናን አስተናግዳለች፤ ኤርትራዊው ቢኒያም ግርማይ በ2024 በቱር ደ ፍራንስ ሦስት ዙር አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ ለብሷል። እኛም ባዶ አይደለንም፤ መቐለ ያፈራችው ጽጋቡ ግርማይ በ2016 በዚያው ውድድር የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው። ምሥራቁ ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ እምብዛም አይነሳም።

ለመጀመር ውድድር አያስፈልግም፤ ባነርና የክብር እንግዳ ያለበት ዝግጅት ገንዘቡን በአንድ ቀን ይበላዋል። የሚያስፈልገው ከኤረር በር ተነስቶ ኮረሚ ደርሶ የሚመለስ አንድ መስመር፣ በየመታጠፊያው በድንጋይ ላይ የተቀባ ምልክት፣ ጎማ መለጠፍ የሚችሉ ሐረሪኛም ኦሮምኛም የሚናገሩ ጥቂት ወጣቶች፣ ተጠግነው የሚከራዩ አሥር ብስክሌቶችና ማኅተም የያዙ ሦስት ቤቶች ናቸው። ወቅቱ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ክረምቱ ወጥቶ አቧራው ገና አልበረታም፤ ቡናው ቀልቶ ይለቀማል፣ በየደጁም ተሰጥቶ ይደርቃል።