«ትግራዋይ ቢሆንስ?»

ልጄ ከሰቆጣ ወደ አዲስ አበባ በተነሳ ቁጥር እናቱ ስንቅ ትቋጥርለታለች፤ እኔ ደግሞ ምክር። «መታወቂያህ ከእጅህ አይራቅ። ኬላ ላይ አትከራከር። ስልክ ቢደወልልህ በኽምጣና አታውራ።» ስንት ዘመን ተማሪዎቼን «ጠይቁ፣ ተናገሩ» ስል የኖርኩ የሥነ ጽሑፍ መምህር፣ የገዛ ልጄን «ዝም በል» ብዬ እሸኛለሁ። ጉድ እኮ ነው!

በየካቲት 2004 ዓ.ም. ፍሎሪዳ ውስጥ ትሬቮን ማርቲን የተባለ የ17 ዓመት ጥቁር ልጅ ከሱቅ ሲመለስ፣ «ያጠራጥራል» ያለው የሰፈር ጠባቂ ተኩሶ ገደለው። ገዳዩ በ2005 ዓ.ም. ነጻ ተባለ። ጥቁር አሜሪካውያን ወላጆች ለልጆቻቸው «ፖሊስ ሲያስቆምህ እጅህ ይታይ» እያሉ የሚመክሩት ምክር ስም ሁሉ ወጥቶለታል። እኛም «አይ ፈረንጅ!» ብለን ከንፈራችንን መጠጥን። እነሱ ቆዳ አይተው ይጠረጥራሉ፤ እኛ ቆዳው አንድ ቢሆንብን ጆሯችንን ሳልን።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ጦርነቱ ከሰቆጣ አፈናቅሎን አዲስ አበባ ነበርን። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን የከተማው እስር ብሔርን መሠረት ያደረገ እንደሚመስል፣ አረጋውያንና ልጆች የያዙ እናቶችም እንደሚገኙበት አስታወቀ። ልጄ አፉን የፈታው በኽምጣና ነውና አማርኛው ለፈታሹ ጆሮ እንግዳ ሆነበት። «ከትግራይ ነህ» ተብሎ ተያዘ። ሮጬ ሄድኩ፤ «ኧረ የዋግ ልጅ ነው!» ብዬ አስለቀቅኩት። አጠገቡ ግን የእሱ እኩያ የሆነ ሌላ ልጅ ተቀምጦ ነበር። እሱን ማንም አልጠራውም። እኔም «ትግራዋይ ቢሆንስ? ምን አጠፋ?» ሳልል ልጄን ይዤ ወጣሁ።

ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደረሰ። ሌላ አዋጅ፤ ኮሚሽኑም አዲስ አበባ ውስጥ የአማራ ተወላጆች በስፋት እየታሰሩ መሆኑን ገለጸ። በ2014 በአንደበቱ የተጠረጠረው ልጄ አሁን መታወቂያው ላይ ባለው ክልል ተጠርጥሮ ከመኪና ወረደ። ተሳፋሪው ሁሉ ወደ መስኮት ዞረ አሉ። ማንን ልውቀስ? እኔም ያኔ ዞሬ የለ!

«አገር ሲታወክ ፍተሻ ይቅር ነው የምትለው?» ትሉኝ ይሆናል። አይቅር። ሻንጣ ይፈተሽ፤ ያጠፋ በሠራው ይጠየቅ። ቅላጼ ግን ወንጀል አይደለም፤ የትውልድ ቦታም ማስረጃ አይሆንም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 25 ሰው በብሔሩም ሆነ በቋንቋው ሳይለይ እኩል ጥበቃ አለው ይላል፤ አንቀጽ 32 በአገሩ የመንቀሳቀስ መብት ይሰጠዋል። አዲሱ የፋይዳ መታወቂያም ብሔር አይጽፍም። ደግ ነው፤ ነገር ግን ብሔር ከካርዱ ወጥቶ ከፈታሹ ጆሮ ካልወጣ ምን ዋጋ አለው?

ልጄን መምከር ትቻለሁ ብዬ አልዋሽም፤ ፈሪ አባት ነኝ። ግን ምክሩ የሚገባው ለእሱ አልነበረም፤ ለፈታሹና ለእኛ ለተሳፋሪዎቹ ነው። ነገ መኪናው ኬላ ላይ ሲቆም፣ የማታውቁት ልጅ ብቻውን ሲወርድ ወደ መስኮት አትዙሩ። «የማን ብሔር ነው?» አትበሉ። «ምን አጠፋ?» በሉ።