ስንት ቢያጆ አፈር ይበቃናል?

አፈር በዓይን ግምት ሊታዘዝ አይገባውም ብለን ስንጽፍ፥ «እነዚህ የአርት ፋኩልቲ ልጆች ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ስለ አፈር የሚያውቁት?» የሚሉን አንባቢያን እንደማይጠፉ እናውቃለን። እውነት ነው፤ የምንማረው ቋንቋና ታሪክ ነው። ሆኖም ርዝመትን በስፋት፥ የተገኘውንም በጥልቀት ማባዛት በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያገኘነው ዕውቀት ስለሆነ የኢንጂነሪንግ ተማሪዎችን ፈቃድ የሚያስጠይቅ አይመስለንም።

ነገሩ የመጣው ማኅበራችን ከመኝታ ቤቶቹ በስተኋላ ያለውን ባዶ ቦታ ሣርና አበባ ለማልበስ በማሰቡ ነው። አሳቡን እንደግፋለን። ስንት ቢያጆ አፈር እንደሚያስፈልግ ሲጠየቅ ግን አንዱ ሦስት፥ ሌላው አምስት፥ ለጋስ የሆነውም «እንዳያንስ አሥር ይሁን» እያለ ቁጥሩ እንደ ጨረታ ሲወጣ ሰማን። ገንዘቡ ከየኪሳችን የሚዋጣ መሆኑ አንድ ነገር ነው። እኛን ይበልጥ ያሳሰበን ግን አፈሩ ከማን መሬት ላይ ተቆርጦ እንደሚመጣ የጠየቀ ሰው አለመኖሩ ነው።

ስለዚህ ቦታውን ለካነው። ርዝመቱ 24 ሜትር፥ ስፋቱ 7 ሜትር፥ በጠቅላላው 168 ካሬ ሜትር ነው። በመካከሉ የሚያልፈው የ1 ሜትር መተላለፊያ 24 ካሬ ሜትር ይወስዳል፤ ለእግር መንገድ ደግሞ አፈር አይገዛም። የሚቀረው 144 ነው። በግንቡ ጥግ 1 ሜትር ስፋት ያለው የአበባ መደብ ይሁን ስለተባለ እርሱም 24 ካሬ ሜትር ይይዛል። አበባው ሥሩን እንዲሰድ 25 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ብንሰጠው፥ 24 በ0.25 ተባዝቶ 6 ሜትር ኩብ ይሆናል። (ሳንቲ ሜትሩን ወደ ሜትር ሳይለውጥ 24ን በ25 ያባዛ አንድ ጓደኛችን 600 ሜትር ኩብ አግኝቶ ነበር፤ ይህ ቢመጣ ኖሮ የመጀመሪያው ፎቅ ነዋሪዎች በመስኮት በወጡ ነበር።) ለሣሩ የሚተርፈው 120 ካሬ ሜትር ነው። ሣር ሥሩ ቅርብ ስለሆነ፥ ከሥር ያለው መሬት አስቀድሞ ተቆፍሮ ከላላ 10 ሳንቲ ሜትር ይበቃዋል፤ ይኸውም 12 ሜትር ኩብ ነው። ድምሩ 18። ተቆፍሮ የመጣ አፈር ግን ልቅ ነውና ውኃ ሲጠጣና ሲረገጥ ይቀመጣል፤ ለዚህ ሩቡን ብንጨምርለት 22 ሜትር ኩብ ተኩል ይደርሳል። ለዛፎቹ ምንም አልቆጠርንም። የዛፍ ጉድጓድ ሲቆፈር የላይኛው አፈር ለብቻው ተቀምጦ አስቀድሞ ወደ ሥሩ ይመለስለታል እንጂ ስለ እርሱ ተብሎ መኪና አይጫንም።

አሁን ወደ ቢያጆው እንመለስ። ቃሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ትርጉሙም ጉዞ ማለት ነው እንጂ መስፈሪያ አይደለም። ኢሱዙም አንድ ጉዞ ይሄዳል፥ ሲኖትራክም አንድ ጉዞ ይሄዳል፤ የሚጭኑት ግን አይገናኝም። እንግዲህ «አሥር ቢያጆ» የሚለው ትእዛዝ ምን ያህል እንደሆነ ከባለ መኪናው በቀር የሚያውቅ የለም። የሚገዛ ከሆነ በሜትር ኩብ ይነገር፤ መኪናው ሲመጣም የጭነት ሣጥኑ ርዝመት፥ ስፋትና ቁመት ይለካ። ባለ 16 ሜትር ኩቡን ሲኖትራክ ብንወስድ አሥሩ ጉዞ 160 ሜትር ኩብ ነው። ከሚያስፈልገን ሰባት እጥፍ! ትርፉ የትም አይሄድም፤ በአጥር ሥር ይከመርና ክረምት ሲገባ ቦዩን ይደፍናል።

ጉዳቱን ከወዲያኛው ጫፍ ስናየው ደግሞ ይከፋል። ልቅ የሆነው 16 ሜትር ኩብ በማሳው ላይ ሳለ ጠበቅ ያለ ስለነበር 13 ሜትር ኩብ ያህል ነው። ለም የሆነው የላይኛው አፈር 20 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፥ አንዱ መኪና ስምንት ሜትር በስምንት ሜትር የሚሆን እርሻ ገፍፎ ይሄዳል ማለት ነው። አሥሩ መኪና 640 ካሬ ሜትር ይገፋል። ገበሬው መሬቱ አልተወሰደበትም፤ ድንበሩም አልተነካም፤ ሲያርሰው ግን ማረሻው የሚያገኘው ዘር የማያበቅለውን የታችኛውን ነው።

የስዊዝ ተወላጁ የአፈር ተመራማሪ ሐንስ ሁርኒ በፈረንጆቹ 1980ዎቹ በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ባደረገው ጥናት፥ ከሚታረስ መሬት በዓመት በአማካይ በሄክታር 42 ቶን አፈር ይታጠባል ብሎ ገምቷል። ይህን ወደ ውፍረት ብንለውጠው አራት ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ይህም ሆኖ ስንቱ ሰው ይደነግጥበታል፥ ስንቱስ እርከን ይሠራበታል! በአንድ ከሰዓት በኋላ 20 ሳንቲ ሜትር የሚገፍፍ ዶዘር ግን ጎርፉ ከ50 ዓመት በላይ የሚፈጅበትን ሥራ ይጨርሳል። ስለ ጎርፉ ስብሰባ ተቀምጠን ስለ ዶዘሩ ዝም የምንል ከሆነ ነገሩ አልገባንም ማለት ነው።

«ታዲያ ከተማው ሲሰፋ መሬቱ መታረሱ መቅረቱ አይቀር፤ ለመሠረት ተቆፍሮ የሚጣለው አፈር በየቦታው ተከምሮ የለምን?» የሚሉን አሉ። ክርክሩ ግማሹ ልክ ነው። ከመሠረት ጉድጓድ የሚወጣው የታችኛው አፈር ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በጋ የሚሰነጠቅ፥ ክረምት እንደ ሙጫ የሚይዝ መረሬ ነው። እርሱን አምጥቶ አበባ መትከል ገንዘብ መድፋት ነው። ግማሹ ልክ የሚሆነው ግን እዚህ ላይ ነው፤ ቤት ሊሠራበት የተወሰነ መሬት የላይኛው አፈሩ ከመቆፈሩ በፊት ተለይቶ ቢነሣ ማንንም ሳይጎዳ ለአትክልት ይሆናል። የሚፈለገውም አፈር ይኸው ነው።

እንዲህ ያለው አፈር ደግሞ ሩቅ አይደለም። በያዝነው ዓመት በግቢያችን የሚጀመረው አዲስ ሕንፃ ሣር በበቀለበት ሜዳ ላይ 30 ሜትር በ15 ሜትር ያርፋል። ከዚህ ሜዳ 20 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢነሣ ባለበት 90 ሜትር ኩብ ነው፤ ሲላላ ከ110 ይበልጣል። የሚያስፈልገን አምስት እጥፍ አፈር አንድም ጉዞ ሳይከፈልበት በእጃችን አለ ማለት ነው! ባለፈው ሕንፃ ጊዜ ሥራ ተቋራጩ ላዩንም ታቹንም ቀላቅሎ በመኪና አውጥቶ ጣለው፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ለዚያው ሕንፃ አትክልት አፈር ተገዝቶ ገባ። ሁለት ጊዜ ተከፈለበት፤ መቼም የጠየቀ አልነበረም።

የምንጠይቀው ይህን ነው። የላይኛው አፈር ቁፋሮው ከመጀመሩ አስቀድሞ፥ መሬቱ ደረቅ ሳለ ይነሣ፤ ርጥብ መረሬ መኪና ከረገጠው እንደ ጡብ ይጠጥራልና። ክምሩ ከ2 ሜትር ከፍ አይበል፤ መኪናም አይውጣበት። ክረምቱ እንዳያጥበው ሣር ይዘራበት ወይም በሸራ ይሸፈን። ከካፌው ወጥ ቤት የሚጣለው የአትክልት ልጣጭና የግቢው ቅጠል ከአሁኑ በጉድጓድ ተጠራቅሞ እንዲብላላ ይደረግ፤ ሲብላላ ግማሽ ያህሉ ስለሚጎድል ከሚፈለገው እጥፍ መሰብሰብ አለበት። ለሕንፃው ሥራ ክፍል የሚላከው ደብዳቤ ተረቅቆ ከነሒሳቡ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ተቀምጧል፤ ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት የሚፈርሙትን እንጠብቃለን፤ «አሥር ይሁን» ያለውን ወንድማችንንም ጭምር።