ምች ነው ብላችሁ አትለፉት

እኩዮቼ፣ ዛሬ የማነሳባችሁ የእድሩን መዋጮ አይደለም። ስለ ትኩሳት ነው። ያውም ሰውን አልጋ ላይ ስለሚጥለው ሳይሆን፣ ጋቢ ደርበን፣ የዝንጅብል ሻይ ጠጥተን ስለምናሳልፈው፣ 38 እንኳ ስለማይሞላው።

አብዛኞቻችን የአሰብን መንገድ እናውቀዋለን። ተሳቢ እየጎተትን አዋሽ ያደርን፣ ሚሌ የዋልን ሰዎች ነን። በአገራችን የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት በፈረንጆቹ 1986 ነው፤ ብዙም ሳይቆይ ሐኪሞች ደም እየቀዱ ካጠኗቸው መካከል እኛው የረጅም መንገድ ሾፌሮች ነበርን። ስሙን ላለመጥራት «አመንምን» እንለው ነበር። ረዳቶቻችንን ቀበርን፤ ቡና ያፈሉልን የነበሩትን ሴቶች ቀበርን። የእድሩ ድንኳን ተተክሎ ሳይነቀል ሌላ ለቅሶ የሚደርስበት ሳምንት ነበር። ከዚያ ዘመን ይዘነው የቀረን አንድ ስህተት አለ፤ ኤች አይ ቪ ያለበት ሰው ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ ጸጉሩ ሳስቶ የሚታይ ይመስለናል። ያ መጨረሻው ነበር። መጀመሪያውንማ ማን ልብ አለው? ምች ይመስላላ።

ቫይረሱ በገባ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ የብዙ ሰው ሰውነት ይሞቃል። ጉሮሮ ይከረክራል፣ አንገትና ብብት ሥር ንፍፊት ይወጣል፣ ደረት ላይ ሽፍታ ብቅ ይላል፣ ሌሊት ያልባል፣ ቁርጥማት ይይዛል። አንዳንዱ ምንም ሳይሰማው ያልፋል። የታመመውንም በጥቂት ቀን ወይም በጥቂት ሳምንት ይለቀዋል፤ ዳማከሴ ቢጠጣም ባይጠጣም። ክፋቱ እዚህ ላይ ነው፤ የጠጣው ዳማከሴው አዳነኝ ይላል። ከዚያ በኋላ በሽታው ድምፁን አጥፍቶ ለዓመታት፣ አንዳንዴም 10 ዓመት ድረስ ይቀመጣል። በእኛ ዕድሜ የያዘው ግን ያን ያህል ፋታ አያገኝም፤ ያረጀ አካል ቶሎ ይረታል። ደግሞም በዚያች የትኩሳት ሰሞን ቫይረሱ በደም ውስጥ እጅግ ስለሚበዛ፣ ወደ ሌላ ሰው በቀላሉ የሚተላለፈው ያኔ ነው።

አንድ ጓደኛችን ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ልጆቹ እዚሁ አሉ። ሚስቱ ካረፈች ከዓመት በኋላ ሞቅ ሞቅ ይለኛል፣ ይቆረጥመኛል አለ። ክሊኒክ ሄደ። ለወባ ደሙን አዩ፣ የለም ተባለ። ታይፎይድና ታይፈስ ነው ብለው መድኃኒት ሰጡት። ኤች አይ ቪ እንመርምርህ ያለው አልነበረም፤ ሽበቱን አይተው አፈሩ መሰለኝ። እሱም አልጠየቀም። ትኩሳቱ ለቀቀው። በአራተኛው ዓመት ሳል ጀመረው፣ ቲቢ ሆነ፤ ያኔ ነው ሌላውም የታወቀው። ዘግይቶ ነበር። ክሊኒኩን ከመውቀሴ በፊት የምወቅሰው ራሴን ነው። ዳማከሴውን ከጓሮዬ ቆርጬ፣ ጨምቄ ያጠጣሁት እኔ ነኝ።

ደፍሬ ልናገረው። ጡረታ በሚከፈልበት ቀን ማን በየትኛው ቅያስ እንደሚታጠፍ እንተዋወቃለን። ዘንድሮ ያገቡ ባልቴቶችም አሉን፤ ደስ ይበላቸው። ወጣቶቹን ለሠርጋቸው ተመርመሩ ብለን እንልካለን፤ እኛ ራሳችን ግን ወረቀቱን ማን ጠየቀን? በ2010 ዓ.ም. በከተሞች በተደረገ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 64 ከሆኑ ሰዎች ከ100ው 3ቱ ቫይረሱ ተገኝቶባቸዋል፤ ይበልጥ የተገኘውም በወጣቶቹ ሳይሆን በጎልማሶቹ ነው።

ደግሞ ትኩሳት በነካችሁ ቁጥር ቀኔ ደረሰ ብላችሁ አትርበድበዱ። ወባም፣ ጉንፋንም፣ ቲቢም ያተኩሳል። ትኩሳት አለብህም፣ የለብህም ሊል አይችልም፤ የሚናገረው ደም ነው። ደምም ቢሆን ቶሎ አይናገርም። ከጣት የሚወሰደው ምርመራ የሚፈልገው ሰውነታችን ቫይረሱን ለመታገል የሚያበጀውን መከላከያ ስለሆነ፣ ያ እስኪታይ ሳምንታት ይፈጃል። በሳምንቱ ሄዳችሁ ነጻ ናችሁ ብትባሉ አትመኑት፤ በሦስት ወር ድገሙት። ጥንቃቄ የጎደለው ግንኙነት ከተፈጸመ 72 ሰዓት ካላለፈው ግን ትኩሳትም አትጠብቁ፤ ለ28 ቀን የሚዋጥ መከላከያ አለ፣ ዛሬውኑ ጤና ተቋም ሂዱ። ለሐኪሙም ሳታፍሩ የሆነውን ንገሩት።

ከተገኘባችሁ ደግሞ ዘመኑ የያኔው አይደለም። መድኃኒቱ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ ይሰጣል። ሳያቋርጥ የሚወስድ ሰው ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ ሲቀንስለት በግንኙነት ወደ ሌላ አያስተላልፍም። ጸበሉን ተዉ አልልም፤ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስም በሕይወት ሳሉ መድኃኒቱንና ጸበሉን አብራችሁ ውሰዱ ብለው ነበር።

ዳማከሴው አሁንም ጓሮዬ አለ፤ አልነቀልኩትም። አተኮሰኝ ብሎ ቅጠሉን ሊወስድ የሚመጣን ሰው ግን መጀመሪያ ደምህን ከተመረመርክ ስንት ጊዜህ ነው እለዋለሁ። ተቆጥተው ቅጠሉን ሳይወስዱ የተመለሱ አሉ።